በቆሎ አዝዬ ደሴ የገባሁ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ሂባ ምሳ ልጋብዝሽ ብላ የኛ ሰው ምግብ ቤቶች ወደበዙበት ወደ ሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና ወሰደችኝ። “እትዬ ዘሃራ፣ አንቺ እዚህ ውረጂ፣ እኔ ፓርክ አድርጌ ልምጣ” ብላ ከምግብ ቤቱ ደጃፍ አወረደችኝና እንደ ልማዷ ሰፈሩን ሁሉ ዞራ ዞራ መጣች። ወንበሯን ስባ ሳትጨርስ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ከእጮኛዋ ጋር አፍሪካን ሊያዩ ነው። “ሶ፣ ኬፕታውን እንገባና መኪና ሬንት እናደርጋለን፤ ከዚያ ናሚቢያ፣ ቦትስዋና፣ ዛምቢያ። ሆቴል ምናምን የለም፣ ድንኳን ገዝተናል” አለችኝ። “ዛምቢያን እኛም ሄደንበታል” አልኳት፣ ሳላስበው። ጉርሻዋ አፏ ሳይደርስ ቀረ። “ኖ ዌይ! አንቺና ጋሼ ጀማል? ባክፓክ ይዛችሁ?” “ባክፓክ ይዘን።” “ታዲያ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አውርተሽልኝ አታውቂም?” ምግቡ ቀዘቀዘ ብዬ ወሬ አስቀየርኳት። ቤቴ ገብቼ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ሰው የሽርሽሩን ወሬ ምን ብሎ ይደብቃል? ፎቶ እያሳየ ጎረቤት ያሰለቻል እንጂ። እኔ ያንን መንገድ ባሰብኩት ቁጥር ጆሮዬ ሥር የሚሞቀኝ ነገር አለ። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዛሬም ይሞቀኛል።

ያኔ ፌርፋክስ ዛሬ ሂባ ፓርኪንግ የምታጣበት ፌርፋክስ አልነበረም። የአገራችን ስም ያለበት ምልክት ምሰሶው ላይ አልተሰቀለም። ከኦሊምፒክ ጎዳና እስከ ፒኮ ጎዳና ድረስ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ነበሩ፤ የተሰነጠቀ መስታወት፣ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር፣ የሞቱ ሰዎች የኪስ ሰዓት። የኛ ሰው ከመሃላቸው አንድ ሁለት ቦታ ከፍቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየሥራችን ወጥተን እዚያ እንሰበሰባለን። ቤንዚን በጋሎን አንድ ዶላር ከምናምን ነበር። ሚድ ዊልሻየር ላይ ያለችው ባለ አንድ መኝታ ቤታችን አራት መቶ ዶላር አትሞላም፤ እሱም ተወደደ እያልን እናማርር ነበር። እኔ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ጃኬት ነበረኝ፤ ለብሼው ስሄድ በር በጎን ካልሆነ የማልገባ ይመስለኛል። ጀማል ሰው ሁሉ አፍሮውን ሲቆረጥ እሱ አልቆረጥም ብሎ፣ ማበጠሪያውን ከኋላ ኪሱ ሰክቶ ይዞር ነበር። ካሴት ከአገር ቤት በሰው ሻንጣ ትመጣለች። ከዚያ ለሰፈሩ ሁሉ ስትቀዳ፣ ከተቀዳውም ስትቀዳ፣ መጨረሻ የደረሰው ሰው ዘፋኙ ዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚዘፍን ነው የሚመስለው። እኛ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበርን። ዝናቡንም ወደድነው።

ጀማል፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር ውስጥ ካለ ትልቅ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ያቆም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ፣ ፀሐይ በማይገባበት ምድር ቤት። እኔ ፒኮ ላይ ድራይ ክሊኒንግ ቤት ሸሚዝ እተኩሳለሁ። የተጋባነው እሱ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ፣ እኔ በምሳ ሰዓቴ ነው። ሠርግ የለ፣ ጫጉላ የለ። አንድ ቀን ጥርሱን ሊታከም ሄዶ ከሐኪሙ ቤት አንድ መጽሔት ጃኬቱ ሥር ደብቆ አመጣ። መሃሉ ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ የዛምቢያ ፏፏቴ አለ፣ ጭሱ ሰማይ የሚነካ። “ጫጉላችን ይሄ ነው” አለኝ። “አገራችን ባንገባ አህጉራችን መግባት ማን ይከለክለናል?” እሱ በተማሪነቱ ዘመን በመንግሥት ላይ አፉን ስለከፈተ አገር ቤት መርገጥ የማይችል ሰው ነው። እኔ እንደሱ አልነበርኩም። ማንም በስሜ የሚፈልገኝ የለም፤ ግን “አገራችን ባንገባ” ሲል እኔም አብሬው ራሴን ነቀነቅሁ። የአሜሪካ ፓስፖርታችንን እንዳገኘን ለዓመታት ምሳ ከቤት እየቋጠርን ባጠራቀምነው ቲኬት ገዛን። የወታደር ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሁለት አረንጓዴ የጀርባ ቦርሳ አመጣን፤ ከኋላው ብረት ያለው፣ ባዶውን ሲታዘል እንኳ ሰውን ጎንበስ የሚያደርግ። እሁድ እሁድ የስልክ ማውጫ እየሞላንበት ፌርፋክስ ላይ እንለማመድ ነበር። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ሽማግሌዎች ከደጃፋቸው “ወዴት ነው?” ሲሉን ጀማል “አፍሪካ!” ይላቸዋል፤ በእግሩ የሚደርስ ይመስል።

ቲኬቱ ከተገዛ በኋላ ነው ያ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ምስል በቴሌቪዥን የመጣው። ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። የኔ አገር ነው፣ ወሎ። እናቴ ደሴ ናት፤ አክስቴ መዲና ከነልጆቿ ባቲ ቆላው ላይ። ከእናቴ ደብዳቤ ከመጣ ክረምቱ አልፎ ነበር። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ሲያለቅስ እኔ ኩሽና ገብቼ የታጠበውን ሰሃን እንደገና አጥባለሁ። ከዚያ ሁሉ ፊት መሃል የእናቴ ፊት እንዳይመጣብኝ ነበር የምፈራው። ክሬንሾው ላይ አንድ አዳራሽ ተከራይተን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጴንጤውም እዚያ ተሰብስቦ ለአገር ቤት የሚላክ ብርድ ልብስ ያጥፋል። እኔና ጀማልም ሄደን እናጥፍ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ከበቡሽ፣ ለሁላችንም እንደ እናት የነበሩ ትልቅ ሴት፣ ከጎኔ መጡና፣

“ዘሃራ፣ ትሄዳላችሁ የሚሉት እውነት ነው?” አሉኝ።

“እውነት ነው እትዬ።”

“ለሽርሽር?”

የያዝኩትን ብርድ ልብስ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩ። ጀማል ያገዘኝ መስሎት “እትዬ፣ ቲኬቱ አንዴ ተገዝቷል፤ ሪፈንድ የለውም” አላቸው።

እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ቆመ። “አንቺ የወሎ ልጅ አይደለሽም እንዴ?” አሉኝ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። በዙሪያችን ያሉት ሰዎች እጃቸውን ለአፍታ ገታ አድርገው ወደኛ አዩና ወደ ማጠፋቸው ተመለሱ።

ቤት ስንደርስ “እንቅር” አልኩት። “ብንቀር ማን ይጠግባል?” አለኝ። እውነቱን ለመናገር መልሱን አጥብቄ አልፈለግሁትም፤ ከዚያ ኩሽና ብቻ መሸሽ ነበር የፈለግሁት። እናም ሄድን።

ሉሳካ ከአንድ ህንዳዊ ነጋዴ አሮጌ ፔጆ ተከራየን፤ መሪው በቀኝ፣ የኋላ መስኮቱ የማይዘጋ። ጀማል ከምድር ሥር የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ የኖረ ሰው፣ ፊት ለፊቱ ክፍት መንገድ ሲያገኝ ልጅ ሆነ። መስኮቱን አውርዶ ያቺን ዝናብ የበዛባት ካሴታችንን አፉ እስኪደርቅ አብሯት ይዘፍናል። ድንኳናችንን ያገኘንበት እንተክላለን፤ ቦርሳችንን አዝለን አቀበት እንወጣለን። ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እፍረቱም ከደስታው ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር። ዝናቡ ዘግይቶባቸዋል። የተዘራው ማሳ ቀይ አቧራ ሆኖ ያጨሳል። ሱቆቹ ውስጥ ሳሙና የለም፣ ዘይት የለም፤ መደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የጫማ ቀለም ብቻ ተደርድሮበታል። ሰዉ ደግሞ ተጫዋች ነው፤ ቆሞ ሳያዋራ አያሳልፍም። “ከየት ናችሁ?” ይሉናል። “ከሎስ አንጀለስ።” ይስቃሉ። “እሺ፣ ግን ከየት?” “ከኢትዮጵያ።” ያን ጊዜ ሳቁ ጥፍት ይላል። “ኦ፣ ሶሪ። ሶሪ፣ ሶሪ” እያሉ ክንዳችንን ይይዙናል፤ ከለቅሶ ቤት የመጣን ይመስል። ማዛቡካ ገበያ ላይ ቲማቲም የገዛኋት ሴት አገሬን ስትሰማ የሰጠኋትን ገንዘብ መዳፌ ላይ መልሳ ጣቶቼን አጠፈቻቸው። እኔ ነጭ ስኒከር ተጫምቻለሁ፣ ጆሮዬ ላይ ወርቅ አለ። እሷ ባዶ እግሯን ናት። ገንዘቡን ልመልስላት ስታገል ሰው ተሰበሰበብን፤ ቲማቲሙን ይዤ ወደ መኪናው ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ ጀማል ለጠየቀን ሁሉ “አሜሪካዊ ነን” ማለት ጀመረ። እኔም አላረምኩትም።

ካሎሞ የምትባለውን ከተማ አልፈን፣ ፏፏቴው ጋ ሳይመሽ እንደርሳለን ስንል የፔጆው ራዲያተር ተቀደደ። ዛፍ ሥር ቆመን ሳለ አንዲት ጠና ያለች ሴት ውሃ ተሸክማ መጣች፤ ለመኪናው ሳይሆን ለኛ። ቢና ሙቲንታ ይሏታል። በነሱ ልማድ ሴት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፣ የሙቲንታ እናት ማለት ነው። ባሏ ሞቷል፤ ልጇ ከተማ ገብታለች። የመኪናው ዕቃ በአውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ቤቷ አሳረፈችን። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነው፣ ግን አንዲቱንም ቃል አታባክናትም። ከየት እንደመጣን ስትጠይቀን ጀማል “ከአሜሪ...” ሲል ቀደምኩት። የሚያበላኝን ሰው መዋሸት አቃተኝ። “ኢትዮጵያ” አልኳት። ተነሥታ ከጎጆው ኋላ ሄዳ አንዲት ዶሮ ይዛ መጣች። ሙስሊም መሆናችንን ስነግራት ደግሞ ቢላዋውን ለጀማል ሰጠችው፤ እሱም ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ሌላ ዶሮ በዚያ ግቢ ሲጮህ አልሰማሁም። ሸክላው ድስት እሳት ላይ እያለ ከጎኔ ቁጢጥ አለች።

“እናት አለሽ?” አለችኝ።

“አለችኝ።”

“እዚያ?”

“እዚያ።”

“ትበላለች?”

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ፌርፋክስ ላይ ሰው “እናትሽ ደህና ናት?” ነው የሚለው፤ “አልሐምዱሊላህ” ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። ይቺ ሴት ግን ዓይኔን እያየች ትበላለች ወይ አለችኝ። “አላውቅም” አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። እናቴ በልታ ይሁን ጦሟን አድራ የማላውቅ፣ ውሃ ከገደል ሲወድቅ ለማየት አገር ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ቢና ሙቲንታ አልወቀሰችኝም። ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ ወደ ድስቷ ዞረች። ያን ቀን ሥጋው አልወርድ አለኝ፤ ግን እያየችኝ ስለነበር በላሁ።

እሁድ ዕለት ምእመኑ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ለጸሎት ተሰበሰበ። እኛም እንደ እንግዳ ዳር ላይ ተቀመጥን። ጸሎቱ ሲያልቅ የሰፈሩ መምህር ተነሣና ወደኛ እያየ ብዙ ተናገረ። ከዚያ ሁለት ሰዎች አንድ ጆንያ ተሸክመው መጥተው እግራችን ሥር አስቀመጡት፤ ከወገቡ በላይ የሞላ ነጭ በቆሎ። መምህሩ በእንግሊዝኛ አስረዳን። ስለኢትዮጵያ በሬዲዮ ከሰሙ ጀምሮ በየእሁዱ እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ጣሳ ሲያመጣ ነበር። እንዴት እንደሚላክ ግን የሚያውቅ ጠፍቶ ጆንያው ቢና ሙቲንታ ቤት ተቀምጦ ነበር። “እግዚአብሔር ራሳችሁን ላካችሁ” አለን። የነሱ ማሳ በዙሪያችን ደርቆ ይታያል። ጀማል አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ይፈታል፣ ያስራል። ሰዉ ደግሞ አንድ ነገር እንድንል ይጠብቃል። ተነሣሁ።

“እኔ አልተራብኩም” አልኩ። “አሜሪካ ቤት አለኝ፣ ሥራ አለኝ። እዚህ የመጣሁት ፏፏቴ ለማየት ነው። ለሽርሽር ነው። ይህን እህል መውሰድ አይገባኝም፤ ለልጆቻችሁ ይሁን።”

መምህሩ ተረጎመላቸው። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከተቀመጡበት የሆነ ነገር ተናገሩና ሴቶቹ ሁሉ እየሳቁ አጨበጨቡ። “ምን አሉ?” ብዬ ጠየቅሁት። መምህሩ ፈገግ ብሎ “ጨዋ ሰው ሲርበው ጠግቤያለሁ ይላል፤ እናቷ በደንብ ነው ያሳደገቻት፣ ነው የሚሉት” አለኝ። እውነቱን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ እነሱ ግን ያዩት ጨዋነት ነበር። ያለችኝ የነሱ ቋንቋ አንዲት ቃል “ትዋሉምባ” ናት፣ እናመሰግናለን ማለት ነው። እሷን ብዬ ተቀመጥኩ።

መኪናው ተሠርቶ ስንወጣ ጆንያው ከኋላ ወንበር እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጧል። ጀማል አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ። በአንድ በኩል ፏፏቴው ነው፣ በሌላው ሉሳካ። “ተመልሰን ጎተራዋ ውስጥ እንገልብጠው” አለኝ። “የሰጠችኝን ፊቷ ላይ ልመልስባት?” አልኩት። “ታዲያ ምን እናድርገው? እኔ እንደሆንኩ...” “አንተ አገር ቤት መግባት አትችልም” አልኩት። “እኔ እችላለሁ።” ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር። “አውቃለሁ” አለኝ ጀማል። “ታዲያ ለምን አንድ ቀን አልነገርከኝም?” “ፈራሁ” አለ። “ገብተሽ ባትመለሺስ?” መኪናውን ወደ ሉሳካ አዞረው። ፏፏቴውን ጭሱን እንኳ ሳናይ ተመለስን።

የጀርባ ቦርሳዬን አራግፌ ልብሴን ለጀማል ሰጠሁትና በበቆሎ ሞላሁት። ቦርሳው የማይችለውን ትርፍ በመንገዳችን ላይ ላለ የሚሲዮን ሆስፒታል ኩሽና ተውን። ናይሮቢ ላይ ተለያየን። እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔ የኢትዮጵያን ቪዛ እየለመንኩ ቀረሁ። ማኅተሙን እንዴት እንዳገኘሁት፣ አዲስ አበባስ ወደ ሰሜን ለመሄጃ ወረቀት ስንት ቢሮ እንደተንከራተትኩ ማውራት ሌላ ታሪክ ነው። ያ ሁሉ የሚቻል መሆኑ ነው የሚያሳፍረኝ። አልጋ በአልጋ አልነበረም፣ ግን ይቻል ነበር፤ ያን ሁሉ ወር አይቻልም እያልኩ ነው ሰሃን ሳጥብ የኖርኩት።

ሎስ አንጀለስ ስመለስ ደግሞ ጀማል ያወራው ወሬ ከኔ ቀድሞ አድጎ ጠበቀኝ። ዘሃራ አፍሪካን ዞራ እህል ለምና ወሎ አስገባች ይባላል። አዳራሹ ውስጥ አስነሥተው አጨበጨቡልኝ። እትዬ ከበቡሽ ነጠላቸውን አደግድገው መጥተው “ልጄ፣ ያኔ ክፉ ተናግሬሻለሁ፣ አፉ በይኝ” ሲሉኝ፣ “እትዬ፣ የተናገሩት ልክ ነበር፤ የሄድነው ለሽርሽር ነው” አልኳቸው። “አየሽ ትሕትናዋን!” ብለው አጠገባቸው ላለችው ሴት አለቀሱላት። እሳቸውም እንደዚያች እንደ ዛምቢያዋ አሮጊት ሆኑብኝ። ዛሬም ድረስ ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ፌርፋክስ ላይ ሲያገኙኝ “ያቺ በቆሎ ያዘለችው” እያሉ ለልጆቻቸው ያሳዩኛል፤ እኔም መንገድ መሻገሪያ እፈልጋለሁ።

ደሴ የሆነውን ግን ከጀማል በቀር ለማንም አላወራሁም። ከአውቶቡስ ወርጄ ሸዋ በር ሰፈር ያለው ቤታችን ስደርስ ረፋድ ነው፣ ጉሙ ገና አልተነሣም። ትከሻዬ ቆስሏል። በሩን የከፈተችልኝ እናቴ ናት። ግማሽ ሆናለች። ያን የሚያክል ቦርሳ ያዘለችውን ሱሪ ለባሽ ስታይ መጀመሪያ “ማንን ፈልገሽ ነው የኔ ልጅ?” አለችኝ፤ ከዚያ ስሜን ጠርታ ደረቴ ላይ ወደቀች። ወደ ውስጥ ስንገባ ቤቱ ሰው ብቻ ነው። ከቆላ የመጡ ዘመዶቻችን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተኝተዋል፣ ተቀምጠዋል። ከመሃላቸው አክስቴ መዲና ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ከአንድ ቦታ ሳትነቅል ተቀምጣለች። ሁለት ልጆቿን ከባቲ ስትመጣ መንገድ ላይ ቀብራለች፤ ከገባች ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም አሉኝ። እናቴ ሰዉን የምትሸፍን ይመስል ከፊቴ ቆመችና “ቤቱን እንዲህ ሆኖ ስላየሽው አይክፋሽ፤ እንግዳ በዝቶብን ነው” አለችኝ። እናቴ እኔን አፈረችኝ። ካለቻት ላይ ለሃያ ሰው የምታካፍለው ሴት፣ እኔን።

ቦርሳውን አውርጄ ፈታሁት። እናቴ እጇን ከታ ነጩን በቆሎ አየችው። “ማን ላከው?” “ዛምቢያ የሚባል አገር ያለች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት። ከሰፈሯ ሰዎች ጋር ሆና።” “ታውቀናለች?” “አታውቀንም።” እናቴ ባለችበት ቁጭ አለችና እጇን ለዱዓ ዘረጋች። “ያ ረቢ፣ ጎተራዋን ሙላላት፤ ሰፈሯን ዝናብ አጥግብላት” አለች። ቤቱ ሁሉ አሚን አለ፣ መነሣት ያቃታቸውም ከተኙበት። ከዚያ ለንፍሮ ውሃ ተጣደ። እሱ እስኪበስል እናቴ አጠገቧ አስቀምጣኝ እጄን ይዛ፣

“እንግዲህ አንቺ አሜሪካ አይደለሽ? እዚያ አገር ምን ወሰደሽ?” አለችኝ።

ሰዉ ሁሉ ያዳምጣል። ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። “ፏፏቴ ልናይ” አልኩ።

“ምን ልታዩ?”

“ከገደል የሚወርድ ውሃ፣ እማዬ። ትልቅ ነው ይባላል።”

“አየሽው?”

“አላየሁትም።”

“ወይ ልጄን! እዚያ ድረስ ሄደሽ?” አለች፣ ከልቧ አዝና። “ብታይው ኖሮ አሁን ታወሪን ነበር። እዚህ ቤት ከእህል ሌላ ወሬ ከጠፋ ስንት ጊዜው። ሌላስ ምን አየሽ?”

አንገቴን ደፋሁ። “ንገሪን እንጂ” አለችኝ እናቴ። ከኋላ አንዱ ሕፃን በክርኑ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም በትንሽ ድምፅ ጀመርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ዝሆን መንገዳችን ላይ ቆሞ እንደነበር፣ ጀማል ሞተሩን አጥፍቶ የሚያውቀውን የቁርአን አንቀጽ ሁሉ ሲቀራ፣ መጨረሻ ላይ የሚያውቀው አልቆበት ከመጀመሪያው እንደጀመረ ነገርኳቸው። ዝሆኑ ከነጭራሹ ዞር ብሎም አላየንም፤ ኩምቢውን ሰቅሎ ዛፉን እያራገፈ ነበር አልኳቸው። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ተጠጉኝ። ድንገት ከግድግዳው በኩል የሻከረ ድምፅ መጣ።

“ምን ይበላል?” አለች አክስቴ መዲና።

እናቴ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

“ቅጠል” አልኳት። “ቅጠልና የዛፍ ልጥ። ቀኑን ሙሉ ነው የሚበላው ይላሉ።”

“ቀኑን ሙሉ?”

“ቀኑን ሙሉ፣ አክስቴ።”

ራሷን ወዘወዘች። “ታድሎ!” አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ ልጆቹ፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ፤ አክስቴ ራሷ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላወቅንም። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ፊቴ እሳት ላይ እንዳለ እየነደደኝ ሳቅሁ። እናቴ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና “በይ ቀጥዪ” አለችኝ።